ከአንድ ባሕር ወይስ ከኤሊዋ ገንዳ?

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለውን ምሳሌ የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ስለሚያውቀው ትርጉሙን ማብራራት አያሻም፤ ሁለቱም ለጋስ ሲሆኑ በአድናቆት፣ ሁለቱም ቋጣሪ ሲሆኑ ደግሞ በአሽሙር ይጠቀሳል፣ ጎረቤትም የአንዱን ጠባይ አይቶ በሌላው ለመፍረድ ይጠቀምበታል። ምሳሌው የሚቸገረው ባልና ሚስት አንድ የጥበብ ሥራ በጋራ ሊጀምሩ ሲነሡ፣ ይልቁንም አንዱ በጆሮው ሌላዋ በዓይኗ የሚኖሩ ሲሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ያረፈችው አሜሪካዊት ሠዓሊ ማሪያን ዛዚላ ከባሏ ከሙዚቃ ደራሲው ከላ ሞንቴ ያንግ ጋር ከ60 ዓመት በላይ የሠራችው ሥራ ይህን ችግር አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ ምሳሌውን እንደገና ለመመርመር በቂ ምክንያት ይሆናል።

ያንግ በ1935 በአይዳሆ ግዛት በርን በምትባል የገጠር መንደር፣ ከሞርሞን ቤተሰብ፣ በግንድ በተሠራ ጎጆ የተወለደ ሲሆን፣ ከሕፃንነቱ የሚያስታውሰው ድምፅ በግንዶቹ መካከል የሚገባው የነፋስ ፉጨት እንደነበረ ደጋግሞ ተናግሯል። ዛዚላ በ1940 በኒው ዮርክ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዳ፣ በ1960 ከቤኒንግተን ኮሌጅ በሥዕል ተመርቃ፣ የቁም ጽሕፈት በሚመስሉ የብሩሽ ጭረቶች ላይ ያተኮረች ሠዓሊ ነበረች። በ1963 ሲጋቡ እንግዲህ ከአንድ ባሕር ቀርቶ ከአንድ ወንዝ እንኳ የተቀዱ አልነበሩም።

ይሁን እንጂ ውኃው በሌላ መንገድ መጣ። ባልና ሚስቱ ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከቶኒ ኮንራድና ከቪዮላ ተጫዋቹ ከጆን ኬል ጋር ሆነው «የዘላለማዊ ሙዚቃ ቴአትር» በተባለው ቡድን ውስጥ ድሮን የሚባለውን፣ ማለትም ዜማ ሳይወጣና ሳይወርድ ለረጅም ሰዓት በአንድ ልክ የሚዘልቀውን ድምፅ ይጫወቱ ነበር፤ ሠዓሊዋም ብሩሿን ሳትተው አንዱን ድምፅ በጉሮሮዋ ይዛ ትቆይ ነበር። በ1964 በጀመሩት ሥራ ቅኝታቸውን የወሰዱት ከሙዚቃ መሣሪያ ሳይሆን ከኤሊያቸው ቤት ነው፤ ኤሊዋ የምትኖርበትን የመስታወት ገንዳ ውኃ የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መስመር ልክ፣ ይኸውም በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚመላለሰው ኃይል እየተነዳ ቀኑን ሙሉ እምም ይል ነበርና ሁሉም ከእሱ ጋር ተቃኙ። (በኢትዮጵያ የመስመሩ ልክ 50 ስለሆነ ያችው ኤሊ አዲስ አበባ ብትኖር ኖሮ ሙዚቃው ወፈር ብሎ ይወጣ ነበር።) የጋራው ባሕር ይህ ከሆነ፣ ከጋብቻው በፊት የነበረ ሳይሆን ቤት ውስጥ የተቀመጠና ሶኬት ላይ የተሰካ ገንዳ ነው ማለት ነው። ከመስከረም 1966 እስከ ጥር 1970 ደግሞ ኦሲሌተር በሚባሉ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል አንድ ወጥ ድምፅ በሚያመነጩ መሣሪያዎች መኖሪያቸውን በማያቋርጥ ድምፅ ሞልተው፣ የሚበላውም የሚተኛውም የሚሣለውም በዚያው ውስጥ ሆነ።

እዚህ ላይ የምሳሌውን ግስ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አነጋገሩ «ተቀዱ» አይልም፤ «ይቀዳል» ነው የሚለው፣ ሁለቱን ሰዎች በነጠላ ቁጥር ጠቅልሎ፣ ድርጊቱንም ሳይጨርስ። የተለመደው ትርጓሜ ግሱን እንዳለቀ ነገር፣ እንደ ትውልድ ዕጣ ቆጥሮ ያልፈዋል እንጂ፣ ቃሉ እንደ ተጻፈ ቢወሰድ በየዕለቱ የሚደገም ሥራን ያመለክታል። ከዚህም በላይ መቅዳት በአማርኛ ውኃ ከምንጭ ማምጣት፣ ጠላ በዋንጫ መሙላት፣ ጽሑፍ መገልበጥ፣ በዘመናችን ደግሞ ድምፅ በካሴት ወይም በኮምፒውተር ማስቀረት ስለሆነ፣ ሙዚቃ ለሚሠሩ ባልና ሚስት ምሳሌው ከአባቶች ሐሳብ ውጭ የሆነ ሁለተኛ ኑሮ ያገኛል።

ግን ግሱ ተደራጊ ነው፣ የቀዳውን ሰው ስም አይናገርም፤ እንስራ አዝላ ወንዝ የምትወርደው ማን እንደሆነች የምሳሌው ባለቤቶች ሳያውቁ የቀሩ አይመስልም። በያንግ ቡድንም ዋናው ጠብ የተነሣው በዚሁ ዝምታ ላይ ነው። ኮንራድና ኬል ሙዚቃው የሁሉም የጋራ ድርሰት ነው ሲሉ፣ ያንግ የራሱ ድርሰት እንደሆነ በመጽናቱ፣ በ1960ዎቹ የተቀዱት የቴፕ ክሮች ለአሥርት ዓመታት በእሱ እጅ ተዘግተው ቆዩ፤ ከ1965ቱ ቅጂዎች አንዱ በ2000 በአልበም መልክ ሲወጣም ያለ እሱ ፈቃድ ነበር። የዛዚላ ድርሻ ከክርክሩ መካከል ሳይሆን ከዳሩ ነበር የሚጠቀሰው፣ ምንም እንኳ ድምፅዋ በክሮቹ ላይ ቢኖርና በጥቁር ላይ በጥቁር የታተመውን የ1969 ሸክላ ሽፋን ጨምሮ የዚያ ሙዚቃ መልክ ከእጅ ጽሕፈቷ የወጣ ቢሆንም። «ከአንድ ባሕር» ብሎ ማመስገን የሁለተኛውን ቀጂ ስም ለመዋጥ እንደሚመች ከዚህ ይታያል፤ በእርግጥም ባሕሩም ማሰሮውም አንድ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ሰው ወደ ውኃው መውረዱ ድካም ብቻ በሆነ ነበር።

በ1993 በኒው ዮርክ ቸርች ጎዳና 275 ቁጥር ሕንፃ ያቋቋሙት «የሕልም ቤት» በሁለቱም ስም የሚጠራ ሥራ ነው። ጎብኚው ጫማውን አውልቆ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ከሲንተሳይዘር የሚወጡ 35 ዓይነት የሳይን ሞገዶች፣ ማለትም ሌላ ቃና ያልተቀላቀለባቸው ንጹሕ ድምፆች፣ ክፍሉን ሞልተው ይቆማሉ፤ እሱ ራሱን ትንሽ ዘንበል ሲያደርግ የሚሰማው ይለወጣል፣ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ ድምፁ ይረጋል። የዛዚላ ብርሃን እንደ ጭፈራ ቤት መብራት ድምፁን እየተከተለ አይብለጨለጭም፤ በራሱ ልክ ይቆያል። ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ የብረት ጥምዝ ከግራና ከቀኝ ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸው መብራቶች ሲመቱት፣ ጥምዙ የአንዱን ብርሃን በጋረደበት ቦታ የሌላው ቀለም ይገባበታል፤ ስለዚህ አንዱ ብረት ግድግዳው ላይ ሁለት ጥላ ይጥላል፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ወይን ጠጅ።