ቅጽሉ ስሙን ሲውጠው

ከጥቂት ዓመታት በፊት የልጅነት ጓደኛዬ ማረፉን ሰምቼ ከወልድያ ወደ መርሳ ወረድኩ። ከመኪና ስወርድ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይለፍፋል። ገበያ ላይ ያሉት ሴቶች ተያዩ።

«ማነው ደግሞ እሱ?» አለች አንዷ።

«መትረየስ ነዋ!»

«ውይ! መትረየስ? አፈር በበላሁ!» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች።

እኔ ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኛ!

ስድስተኛ ክፍል ነበርን። እሱ ከሀብሩ ገጠር የመጣ፣ ሲናገር የሚንተባተብ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ሊያነብ ተነሥቶ የመጀመሪያዋ ፊደል አልወጣ ስትለው፣ ከኋላ «መትረየስ!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። ያን ሳቅ እንደ ፈቃድ ቆጥሬው ኖርኩ።

ቅጽል ስም ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። የፈረስ ስም ግን ባለቤቱ ፊት የሚፎከርበት፣ ደረት የሚያስነፋ ስም ነው። የሰፈራችን ቅጽል ብዙውን ጊዜ በጎደለ አካል፣ በድህነት፣ በአንዲት ቀን ስሕተት ላይ ይለጠፋል።

ቅጽል የስም ገላጭ ነው እያልኩ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ገላጩ ስሙን ውጦ ብቻውን ሲቀር ያየሁት ግን መርሳ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው «ኒክኔም» እንኳ ጥንት «ኢክኔም» ነበር፤ ተጨማሪ ስም ማለት ነው። ከፊቱ ይነገር ከነበረው «ኤን» ከሚለው ቃል «ን» ተገንጥላ ተጣበቀችበት፤ በዚያው ቀረች። የራሱ ያልሆነ ነገር የተለጠፈበት ሰውም ዕጣው ይኸው ነው።

ከቀብር ስንመለስ የሟቹ ሴት ልጅ ቀረበችኝ።

«ጋሼ፣ ከአባባ ጋር ተምረዋል አሉ። ወታደር ነበር እንዴ?»

«ምነው ጠየቅሽ?»

«መትረየስ ይሉታላ። እሱን ስንጠይቀው ይስቃል እንጂ ነግሮን አያውቅም።»

ምን ልበላት? እውነቱን ብነግራት፣ አባቷን ሕይወቱን ሙሉ በሸሸገው ነገር በልጁ ፊት ዳግም ማሳፈሬ ነው። ብደብቃት ደግሞ የራሴን በደል መሸፈኔ። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ደግ አልሠራሁም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ አልጠየቀችም።

ለሰው ስም ማውጣት ሲቃጣን፣ ያንን ስም ልጁ ብትሰማው ምን ትላለች ብለን ብንጠይቅ ምን ነበረበት? የሳቀ ሁሉ ፈቅዶ አይደለም።