ባንኮኒውና ድንኳኑ

ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ ሳለ መደሰት ይገባል ወይ? ይገባል ከተባለስ ከስንት ቀን በኋላ፣ ከስንት ቤት ርቀት ላይ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የአሮጊቶች ወግ ይመስላል። ዶርም ውስጥ ስናነሣው አንዱ ጓደኛችን «ይሄ ደግሞ ምን ፍልስፍና ነው፣ ሙዚቃውን መቀነስ ነዋ!» ብሎ ሊገላግለን ሞክሮ ነበር። አልተገላገልንም። እንዲያውም ነገሩ የባሰው «መቀነስ» ከምትለዋ ቃል ነው። ማን ነው የሚቀንሰው? ለማን ብሎ?

ጥያቄውን ያመጣነው ከቆቦ ነው። በዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን የአንዱ አገር ስለሆነች አብረነው ወርደን ነበር። ቆቦ ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በምዕራብ የደጋው ገደል፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች መሀል የተዘረጋው የራያ ሜዳ ከተማ ናት። ሙቀቷ አይጣል ነው። ቀን ቀን ሰው ጥላ ጥላውን ይዞ ይውላል፤ ከተማዋ ነፍስ የምትዘራው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ አሥመራ የዘረጋው የመኪና መንገድ ዛሬም በመሀሏ ያልፋል፤ ከባድ መኪኖችም ማታ ማታ በዳርና በዳሩ ተሰልፈው ይቆማሉ።

ያመሸንበት ቡና ቤት ድሮ ጠላ ቤት ነበር። የጓደኛችን አባት በወጣትነታቸው በጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠው በጣሳ ጠጥተውበታል። አሁን መደቡ ፈርሶ ሴራሚክ ተነጥፏል፣ ባንኮኒው በመስተዋት ተለብጧል፣ ጣሪያው ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሽከረከራል፤ በሁለቱ ማዕዘን የሰው ቁመት የሚያህሉ ስፒከሮች ቆመዋል። የድሮው በር ወደ ሠፈሩ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበር የሚከፈተው። እሱ በብሎኬት ተደፍኖ አዲሱ በር ወደ አስፋልቱ ወጥቷል። ይህችን በር አንባቢ ልብ ይበልልን።

ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር። ሾፌሮች፣ መምህራን፣ የባጃጅ ልጆች፣ ማሽላ ሸጠው ከገጠር የገቡ ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይጠጣሉ። የራያ ዜማ ሲመጣማ ወንበር ላይ የቀረ አልነበረም፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ የሚዘለው ጎረምሳ ጣሪያውን የሚነካ ይመስል ነበር። ደስ ብሎን ነበር፤ ይህን መሸፋፈን ምን ያደርጋል?

ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አድርገው ለብሰው ገቡ። አልጮኹም፣ አልተቆጡም። ባንኮኒው ጋ ሄደው ለባለቤቷ በጆሮዋቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። ባለቤቷም «እኔን አባባ፣ መቼ?» ብለው ወዲያው ሙዚቃውን አጠፉት። ከጀርባ ባለው ግቢ ከሰዓት በኋላ ሰው ሞቶ ኖሯል፤ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ከእኛ መሀል አንድም ሰው አልሰማም ነበር። በምን ይስማ?

ከሾፌሮቹ አንዱ «እትዬ፣ እኛ እኮ ከፍለናል። የሞተውን አናውቀው!» አለ። «ግማሹን ክፈል ልጄ፣ ሙዚቃውን ግን አልከፍተውም» አሉት። ይኼኔ ሌላው፣ ፀጥ ብሎ የነበረው፣ «ሰው በሞተ ቁጥር ከጠፋማ እዚህ አገር ሙዚቃ መቼ ሊሰማ ነው?» አለ። የሱ ንግግር ነው አብሮን የመጣው።

ሰውዬው ዝም ብሎ አልተናገረም። ቆቦ በ2013 ክረምት ጦርነት የገባባት፣ በ2014 ነሐሴ ደግሞ ጦርነቱ በዚያው አካባቢ እንደገና ያገረሸባት ከተማ ናት። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚያም ወዲህ ቢሆን ጥይት ከአካባቢው አልራቀም። የሞተበትን ሁሉ እንቁጠር ብንል ቡና ቤቱ የሚከፈትበት ቀን አይገኝም። ባለቤቷም ቤቱን ያደሱት በላባቸው ነው፤ አራት አሳላፊዎችና አንዲት ወጥ ሠሪ እንጀራቸው ከዚያ ነው። ወጣቱስ? ስንት ዓመት ማታ ማታ በር ዘግቶ ተኩስ ሲያዳምጥ የኖረ ልጅ ዛሬ ቢጨፍር ማን ነው አፉን ሞልቶ ነውር የሚለው? ሐዘን የሚያዝ ነገር ቢሆንም ሕያዋንን ሁሉ ለዘላለም የማሠር ሥልጣን አለው ብለን አናምንም።

ክፍል ውስጥ የተማርነው እዚህ ላይ ብዙ አልረዳንም። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የነፃነት መጽሐፉ ሰው ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ አይከልከል ይላል። መልካም። ታዲያ ዘፈን ለቀስተኛን ይጎዳል? አጥንት አይሰብርም፣ ንብረት አይወስድም። በሚል ሚዛን ሾፌሩ ረቺ ይመስለናል። ሆኖም እዚያ ቤት ውስጥ የነበረ ማንም ሰው፣ ሾፌሩም ጭምር፣ ሽማግሌው ከገቡ በኋላ ሙዚቃው ይቀጥል ብሎ ቁልፉን ራሱ ሊነካ አልደፈረም። የደፋሪ ማጣት ምክንያቱ ምንድን ነው?

ወሎ ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት በከባድ ዋጋ አይታዋለች። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ ግን በረሀብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥቱን ድግስ እያስገባ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። መቀሱ የሠራው ሥራ ምን ነበር? ድግሱም ረሀቡም ቀድሞ የነበሩ ናቸው። መቀሱ በመካከላቸው የነበረውን ግድግዳ ብቻ ነው ያፈረሰው። አፍራሾቹ ግን አሥር ዓመት ሳይቆዩ የራሳቸውን ግድግዳ ገነቡ። በመስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በሰልፍና በመብራት ስታከብር፣ ከአላማጣ በላይ ባለችው በኮረም፣ በዚሁ በራያ ምድር ማለት ነው፣ ሰው በየቀኑ ይቀበር ነበር። ዓለም ያየው ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የቀረጹት ዜና በቢቢሲ ሲታይ ነው።

አንድ ጠርሙስ ቢራ የያዘ ሾፌር ንጉሥ ወይም ደርግ ነው ማለታችን አይደለም፤ እንደዚያ ብሎ የሚያነበን ካለ ይሳቅብን። የምንለው ነውሩ ያለው መብላቱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው ነው። ወደዚያች ወደ ተደፈነችው በር የምንመለሰውም ለዚህ ነው። የድሮው ጠላ ቤት ሞትን አለመስማት አይችልም ነበር። እንስራው የሚሞላው ከሠፈሩ ሴቶች ጋር ወርዶ ነው፤ የለቅሶ ቤቱ አግዳሚ የሚመጣው ከዚያው ነው፤ የእድሩ ጥሩንባ ነፊም እዚያው ይጠጣል። አዲሱ ቤት ገንዘቡን ከአስፋልቱ ያገኛል፣ ፊቱንም ወደ አስፋልቱ አዙሯል። ክፋት የለበትም፣ እድሳት ነው። ግን ሽማግሌው ዞረው በመኪና መሀል አልፈው ነው የመጡት።

የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ከላይ ያለው ማሳ ቀድሞ ይጠጣል፤ ይህ መብቱ ነው። ከታች ሌላ ማሳ መኖሩን አላውቅም ሊል ግን አይችልም፤ ቦዩ ራሱ ይነግረዋል። ከባለቤቷም የምንጠብቀው ይህንኑ ያህል ነው፦ ሠፈሩ ወሬ የሚያስገባባት አንዲት ጠባብ በር፣ የጓሮም ብትሆን። ከዚያ በኋላ ማጥፋቱም መክፈቱም በእውቀት ይሆናል።

በዚህ ረክተን ልንነሣ ነበር፤ ሂሳብ የተቀበለችን አሳላፊ ግን አበላሸችብን። ቤቱ ፀጥ ስላለ ወሬ ጀመርን፤ ሙዚቃው በመጥፋቱ ደስ ብሏት እንደሆነ ጠየቅናት። ከደጋ የመጣች፣ በዕድሜ ከእኛ የማትበልጥ ልጅ ናት። «ደግ ነው። እኔ ብሞት ግን ማን ያጠፋል? እድር የለኝ» አለችን። የምትለቀስበት ድንኳን ከሌለ ሽማግሌም ጥለታቸውን ገልብጠው አይመጡላትም፤ በሩ ተከፍቶ ቢያድርስ የሚገባባት ወሬ የላትም። ስለ ጎረቤት ያልነው ሁሉ ጎረቤት ተብሎ ለተመዘገበ ሰው ብቻ ኖሯል?

ለባለቤቷ ነገርናቸው። «እድሩ የሚመዘግበው ቤት ያለውን ነው» አሉ፤ ብርጭቆ ማጠባቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው «በኔ ስም ትገባ እንደሆን እስቲ ነገ ለቅሶው ላይ አባባን እጠይቃቸዋለሁ» አሉ።