«አደፍርስ»ን በጨለለቂ ማንበብ

አንድ የነቀምቴ ልጅ፣ ጨለለቂ ተወልዶ በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታና አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረ፣ የዳኛቸው ወርቁን ልብ ወለድ «አደፍርስ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢገልጥ ብዙ ሳይሄድ ይቸገራል። ታሪኩ የሚፈጸምበት የደብረ ሲና አካባቢ ተወላጅም ቢያነበው መቸገሩ አይቀርም። ችግሩ የቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህኛው ባልተቸገረ ነበር። ታዲያ ከየት መጣ?

ከለመድነው አተራረክ ይመስለኛል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ የሰማ ጆሮ፣ ልብ ወለድ ሲባል የሚጠብቀው ተራኪ ነው፤ ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንዳሰበ፣ ለምን እንዳለቀሰ የሚነግረው። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን ልማድ ተወው። ከባለታሪኮቹ ወይዘሮ አሰጋሽ በባላባት አንደበታቸው፣ አደፍርስ በተማረ ወጣት አነጋገሩ ይናገራሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን «እገሌ አለ» የሚል የለም። ባለቤቱን ከአነጋገሩ መለየት የአንባቢው ፈንታ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ እንዲህ ከሆነ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ሁሉ «ጥልቅ ነው» እየተባለ ሊታለፍ ነው? አይደለም። መለያው ሁለተኛው ንባብ ነው። ተመልሰን ስናነብ ጭጋጉ ከገፈፈ፣ አስቀድሞ የጋረደን ነገር ታስቦበት የተሠራ ነው፤ እንደነበረ ከቀረ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው። በዚህ ሚዛን «አደፍርስ»ም ከነቀፋ አያመልጥም፤ አንዳንዱ የአደፍርስ ንግግር በሁለተኛው ንባብም የተንዛዛ ነው።

ንግግሮቹ ግን ዋናውን ነገር ይይዛሉ። አደፍርስ ያስረዳል፣ ይተነትናል፤ አጠገቡ ያሉት የሚሰሙት ሌላ ነው። እሱም በተራው እነሱ የሚሉትን ሙሉ በሙሉ አይሰማም። ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ መካከል ገብቶ ቢያስታርቃቸው ኖሮ አንባቢው ከሁሉም በላይ ተቀምጦ ይፈርድ ነበር። ዳኛቸው ግን ይህን ወንበር ነፈገን። እዚያው ክርክሩ መካከል ተቀምጠን፣ ግማሹ እየገባን ግማሹ እያመለጠን፣ የተማረውና ያልተማረው የአንድ አገር ሰው መነጋገር ሲያቅተው እንሰማለን። ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ ግራ መጋባታችን የመጽሐፉ አንዱ ጉዳይ ነው፤ መጽሐፉን ለመዝጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

እንዲያውም የጨለለቂው አንባቢ በዚህ ረገድ የሚቀድም ይመስለኛል። በሁለተኛ ቋንቋ የተማረ ሰው ያልገባውን ቃል ዘሎ፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው እየገመተ መሄድን ከልጅነቱ ለምዷል። አንዲት ቃል አልገባችኝም ብሎ ቢቆም ኖሮ አንድም የታሪክ ወይም የሳይንስ መጽሐፍ ባልጨረሰ። «አደፍርስ» የሚጠይቀው ይህንኑ ትዕግሥት ነው፤ አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ አንባቢ ግን «በገዛ ቋንቋዬ እንዴት ይህ አይገባኝም» ብሎ ፈጥኖ ይቀየማል።

መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነቡ፣ ብቻችሁን አትድከሙ። ጓደኛ ፈልጉና የአንዱን ባለታሪክ ንግግር አንዳችሁ፣ የሌላውን ሌላችሁ ይዛችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ማን እንደሚናገር ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ይለየዋል።