ሰው ሠራሽ ዋሻና ቅጥረኛ ባሕታዊ

ሰው በእጁ ያበጀውን ነገር ተፈጥሮ የሠራችው አስመስሎ ቢያቆም ሐሰተኛ ይባላልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ከማስመሰል ወገን ማንንም ሳይጎዳ ደስ የሚያሰኝ አለ፤ የሰውን ክብር የሚያዋርድም አለ። የሁለቱ ወሰን የት እንደ ሆነ ለማየት በእንግሊዝ አገር የሚገኝ አንድ የታወቀ የአትክልት ቦታ ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ። ዓመቶቹን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በሰሪ አውራጃ፣ ኮብሃም አጠገብ ፔይንስሂል የሚባል ርስት አለ። ቻርልስ ሃሚልተን የተባለ የመኳንንት ልጅ ከ1738 ጀምሮ መሬቱን እየገዛ አትክልት ያስተክልበት ጀመር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ባለጠጎች ዘንድ በገመድ ተለክቶ የተደረደረ አትክልት እየተናቀ፣ እንደ ዱር ሆኖ የሚታየው እየተወደደ ሄዶ ነበር። ስለዚህ ሃሚልተን ከሞል ወንዝ በመንኰራኵር ውኃ አስወጥቶ ሐይቅ አበጀ፤ በሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ላይም በ1760ዎቹ ዓመታት ዋሻ አሠራ።

ዋሻውን የሠራው ከዊልትሺር የመጣው ግንበኛ ጆሴፍ ሌን ነው። ግድግዳውን በጡብ ካቆመ በኋላ፣ ከውጭ በኩል ውኃ የበላው በሚመስል ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ሸፈነው። ከውስጥ ደግሞ ከጣራው ቍልቍል የሚወርዱ ሾጣጣዎችን በእንጨት አበጅቶ በኖራ ለሰናቸው፤ በላያቸውም እንደ ብርሌ የሚያብረቀርቁ ድንጋዮችን አንድ በአንድ ለጠፈባቸው። በእውነተኛ ዋሻ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሾጣጣ የሚሠራው ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ነው፤ ለዚህም ብዙ ሺህ ዓመታት ይፈጅበታል። ግንበኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አምሳያውን አቆመ።

ታዲያ ይህ ግንበኛ ዋሽቷልን? እኔ እንደሚመስለኝ አልዋሸም። ወደዚያ የሚገባ እንግዳ ዋሻው በሰው እጅ እንደ ተሠራ ያውቃል፤ የሚደነቀውም ስለሚያውቅ ነው። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የሆኑት ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን ሁለቱም በ1786 ፔይንስሂልን ጐብኝተዋል፤ የተፈጥሮ ዱር ያዩ መስሏቸው የተታለሉ አልነበሩም። ከዚህም በላይ ድንጋዩ እውነተኛ ድንጋይ ነው፤ የሠራተኛውም ድካም እውነተኛ ድካም ነው። መልኩ የተውሶ ቢሆንም ጥበቡ የራሱ ነው።

ነገር ግን በዚያው አትክልት ውስጥ፣ ከዋሻው ርቆ በዛፎች መካከል፣ ሌላ ነገር ተሠርቶ ነበር፤ ይኸውም ከግንድ የተበጀ የባሕታዊ ጎጆ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ እንደሚለው ሃሚልተን ለጎጆው የሚስማማ ባሕታዊ በደመወዝ ፈለገ። ውሉም ይህ ነበር ይባላል፤ ሰውዬው ሰባት ዓመት በዚያ ይቀመጣል፤ ጠጕሩን፣ ጢሙንና ጥፍሩን አይቈርጥም፤ ከአሽከሮች ጋር አይነጋገርም፤ መጽሐፍ ቅዱስና የአሸዋ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ዘመኑን ሲፈጽም ሰባት መቶ ፓውንድ ይቀበላል። የተቀጠረው ሰው ግን ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቶ መጠጥ ቤት ተገኘና ተባረረ ይባላል።

አንባቢው ቢስቅ አይፈረድበትም። ሆኖም ከሳቁ በኋላ ያስብበት። ባሕታዊ የሚባለው ልቡ ከዓለም የራቀ ሰው ነው፤ ጢሙ ስለ ረዘመ ብቻ ማንም ባሕታዊ አይሆንም። ያ ምስኪን ሰው የተዋዋለው ላዩን ነው፤ ውስጡን ለቄስ! ለእኔ ግን ከተቀጣሪው ይልቅ የሚያሳዝነኝ ቀጣሪው ነው፤ ገንዘብ የግንበኛን እጅ እንደሚገዛ አይቶ፣ የሰውንም ልብ የሚገዛ መስሎታልና።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ወጣት «ጀማሪ ሁሉ አስመሳይ አይደለምን? ተማሪ ገና ሳያውቅ የዐዋቂን አካሄድ ይከተላል፤ ፈሪም ጀግና የሚሆነው ጀግና ለመምሰል ሲሞክር ነው» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ ጀማሪው የሚመስለው ሊሆን የሚፈልገውን ነው፤ ማንም ሳያየው ብቻውን በተቀመጠ ጊዜም ይደክምበታል። ቅጥረኛው ግን የሚመስለው ለተመልካች ነው፤ ተመልካቹ ፊቱን ሲያዞር ወደ መጠጥ ቤት ይሮጣል። ያላነበበውን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የሚዞር፣ የማያምንበትን ቃል ለጭብጨባ ሲል የሚናገር፣ ጓደኞቹ ባሉበት ለድኻ የሚመጸውትና ብቻውን ሲሆን የሚያልፈው፣ እነዚህ ሁሉ ደመወዛቸው የሰው ዐይን የሆነ ቅጥረኞች ናቸው።

የኋላው ታሪክ ለዚህ ይመሰክራል። ሃሚልተን ገንዘቡ አልቆ በ1773 ርስቱን ሸጠ። በሃያኛው መቶ ዓመት አትክልቱ ችላ ተብሎ ዱር ዋጠው፤ የዋሻውም ጣራ ወደቀ። በ1981 ቦታውን የሚያድስ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሠራተኞችም የሚያብረቀርቁትን ድንጋዮች እንደ ቀድሞው በእጃቸው እየለጠፉ ዋናውን የዋሻ ክፍል በ2013 መለሱት። የባሕታዊውም ጎጆ እንደገና ተሠርቷል። ግንበኛው እውነተኛ ሥራ ስለ ሠራ፣ ሌሎች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ጅምሩን ተከትለው ሊያድሱት ቻሉ። ያ ቅጥረኛ ግን ከጎጆው ሲወጣ የሚታደስ ነገር አልተወም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ መልካም ነገር አይታችሁ ብትመስሉት አትፈሩ። ነገር ግን በየማታው በራችሁን ዘግታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ቀን የመሰላችሁትን ነገር ያን ጊዜም ትወዱት እንደ ሆነ ልባችሁን ጠይቁ።