ስለ ተዳቀሉ ዓሦችና ስለ አዳቃያቸው ዕዳ

በቤቱ በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያረባ አንድ ወዳጄ በቅርቡ ወደ እኔ መጥቶ፥ «ያለ ክፉ አሳብ የጀመርሁት ሥራ ክፉ ፍሬ አፈራብኝ፤ ይህ ኀጢአት ይባላልን?» ሲል ጠየቀኝ። ጣት ስለማታህል ዓሣ መጨነቅ ሥራ መፍታት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ጥያቄው ከዓሣው የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘሁት፥ አሳቤን በዚህ ገጽ ላሰፍረው ወደድሁ።

እነዚህ ዓሦች እንደ ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉ አይደሉም፤ ፅንሱን በሆዳቸው አሳድገው ሕይወት ያለውን ግልገል ይወልዳሉ። የትውልድ አገራቸው የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ወንዞች ናቸው። አንደኛው ወገን ፕላቲ ይባላል፤ አጠር ያለና ደልደል ያለ ነው። የሁለተኛው ወገን ወንድ የጅራቱ ታችኛው ጫፍ እንደ ሰይፍ የረዘመ ስለ ሆነ ባለሰይፍ እንበለው። በዱር በአንድ ወንዝ ቢገኙ እንኳ አይዋለዱም ለማለት ይቻላል፤ በጠባብ ገንዳ አብረው ሲዘጉ ግን ይዋለዳሉ። በገበያ ከሚሸጡት ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ የዚህ መቀላቀል ልጆች ናቸው።

ወዳጄ በጀርባ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ፕላቲ ከባለሰይፍ ወንድ ጋራ አኖረ። የተወለዱት ባደጉ ጊዜ ጥቁረቱ ሰፍቶ እንደ ከፋይ አማረ፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። እርሱም ይህን ባየ ጊዜ፥ ጥቁረቱ ይብስ ይደምቅ ዘንድ ሴቶቹን ልጆች እንደገና ከባለሰይፍ ወንድ ጋራ አገናኛቸው። ከነዚህ ከተወለዱት በከፊሎቹ ግን ጥቁረቱ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ እብጠት ሆነ፤ ክንፋቸውን በልቶ ወደ ሥጋቸው ዘለቀ።

ይህ በእርሱ ገንዳ ብቻ የደረሰ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ማይረን ጎርደን በአሜሪካ፥ ኩርት ኮስዊግም በጀርመን አገር ይህንኑ አይተው መርምረዋል። እብጠቱ ሜላኖማ የሚባለው፥ በሰው ቆዳም ላይ የሚወጣው ነቀርሳ ነው። ነጠብጣብ ያለበት ፕላቲ ጥቁሩን ሕዋስ ያለ ልክ ሊያበዛ የሚችል አንድ ጂን በዘሩ ውስጥ ይዞ ይኖራል፤ ሊቃውንትም ይህን ጂን በ1989 ለይተው አውቀውታል። ነገር ግን በዚያው በዘሩ ውስጥ ይህን ጂን የሚገታ ጠባቂ ስላለው፥ ዓሣው ጤነኛ ሆኖ ዕድሜውን ይፈጽማል። ባለሰይፍ ገዳዩም የለው፥ ጠባቂውም የለው። ከሁለቱ የሚወለደው የመጀመሪያው ልጅ ጠባቂውን በአንድ ወገን ብቻ ያገኛል። እርሱ ደግሞ ተመልሶ ከባለሰይፍ ሲወልድ፥ ከ4 ልጆቹ 1 ያህሉ ገዳዩን ወርሶ ጠባቂውን ያጣል። ሁለቱ ወላጆች ጤነኞች ነበሩ፤ በሽታውን ከውጭ ያመጣው የለም። አብሮ የኖረው ጠባቂ ከሚጠብቀው መለየቱ ብቻ በቃ።

እንግዲህ ጥፋቱ መቀላቀሉ ራሱ ነውን? ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ከብትን ከሌላ ዓይነት ጋራ ማገናኘትን ይከለክላል። ዳሩ ግን ዳዊት በቅሎ እንደ ነበረችው፥ ሰሎሞንም በነገሠበት ቀን በርስዋ እንደ ተቀመጠ በመጽሐፈ ነገሥት እናነባለን። እኛም ዳገቱን ቁልቁለቱን በበቅሎ ያለፍን ሕዝብ ነን። ደግሞም በ1932 ካርል ሀብስና ሎራ ሀብስ የተባሉ ባልና ሚስት ሊቃውንት፥ በቴክሳስና በሜክሲኮ ውሆች የሚኖር፥ ሴት ብቻ የሆነ የሞሊ ዓሣ እንዳለ ገለጹ። ይህ ወገን ያለ ሰው እጅ ከሁለት ልዩ ልዩ ወገኖች የተገኘ ሲሆን፥ 100,000 ዓመት ያህል እንደ ኖረ ይገመታል። ስለዚህ መቀላቀል ሁሉ ርኩስ ነው ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም።

የሚያሳዝነኝ ቋንቋችን በዚህ ነገር የያዘው ፍርድ ነው። «ዲቃላ» ብለን የምንሰድበው የተወለደውን ነው፤ ላዳቀለው ግን የነውር ስም አላወጣንለትም። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እያልንም እንስቃለን፤ አህያውን ከፈረሲቱ ጋራ ያሰረው ባለቤት ግን በተረቱ ውስጥ የለም። (ከዓሣው በሽታ ተነሥቶ ስለ ሰው ነገዶች መቀላቀል የሚናገር ቢኖር ግን ፈጽሞ ይስታል። የሰው ልጅ ከአንድ ደም የተፈጠረ አንድ ወገን ነውና።)

ለወዳጄ የመለስሁለት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሥራህ አላዋቂ ነበርህ። በሁለተኛው ግን ጥቁረቱ ከልክ ሲያልፍ በዓይንህ አይተህ ነበር፤ ምልክቱን ውበት ብለህ ተረጐምኸው እንጂ። ጎረቤት ያደነቀውና በሽታው አንድ ነገር ነበሩ። እርሱም ተከራከረኝ፤ «ጎርደን በ1939 በኒው ዮርክ ያቋቋመው የነዚህ ዓሦች ማርቢያ ዛሬም በቴክሳስ በሳን ማርኮስ አለ፤ ሊቃውንቱ እንዲህ ያለውን ዓሣ አውቀው ያዳቅላሉ፤ እነርሱን ማን ይከሳል?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። እነርሱ የእያንዳንዱን ዓሣ የትውልድ ሐረግ ይጽፋሉ፤ የሚሹትም ሰውን የሚገድለውን ደዌ ለማወቅ ነው። ይሁን እንጂ የተገኘው እውቀት የዓሣውን ስቃይ እንዳልነበረ ያደርገዋል ብዬ አላምንም። ሊቁም ዕዳውን ተሸክሞ ይሠራል፤ ልዩነቱ መሸከሙን ማወቁ ነው። ለዓይን ደስታ ብሎ የሚያዳቅለው ግን ያማረውን መርጦ የቀረውን ይጥላል፥ ወይም ዘሩን ሳይናገር ለሌላ ይሸጣል። ከማዳቀሉ ይልቅ ይህ ይከብደኛል።

እርሱም ዝም ብሎ ሰማኝ። የታመሙትን አውጥቶ ከመጣል ይልቅ በልዩ ገንዳ አኑሯቸዋል፤ ቀያዮቹን ግልገሎች ሊገዛ ለመጣ ሰውም ከምን እንደ ተወለዱ ነግሮት፥ ሰውዬው ትቶት ሄደ። ወንዱንም ለይቶታል። ነገር ግን የነዚህ ዓሦች ሴት ከወንድ የተቀበለችውን ዘር ለብዙ ወራት በሆዷ ታኖራለች። ወንዱ ከወጣ ሁለት ወር አልፎታል፤ ካደጉት ሴቶች አንዲቱ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወለደች።