የተዋሱት ድምፅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። የሰው ድምፅስ?

እ.ኤ.አ. በ1993 የኒውዮርኩ የራፕ ቡድን ው-ታንግ ክላን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ፣ «ሻዎሊን ኤንድ ው ታንግ» ከተሰኘው የሆንግኮንግ ፊልም የቀነጨበውን ንግግር በዘፈኖቹ መካከል አስገብቶ ነበር። አልበሙ በእርግጥም ደመቀ። ዳሩ ግን የምንሰማው የተዋናዮቹን ድምፅ ሳይሆን ቻይንኛውን በእንግሊዝኛ የተኩትን ሰዎች ድምፅ ነው፤ ስማቸው ደግሞ በእንዲህ ያሉ ፊልሞች ላይ እምብዛም አይጻፍም ነበር።

ዛሬ ቤቱ ተቀምጦ ከፊልም ድምፅ እየቆረጠ ሙዚቃ የሚቀምመውን ወጣት ሕግ «ባለንብረቱ ፈቅዷል ወይ?» ይለዋል። ሕሊና ግን «የተናገረውስ ማን ነው?» ይላል። መቁረጡን አልነቅፍም። ብቻ ተናጋሪውን ፈልጎ ስሙን ይጻፍ፤ ቢያጣ «ስሙ ያልታወቀ ተናጋሪ» ይበል። ይህ ዕዳን መክፈል ባይሆንም ዕዳን ማመን ነው።