ሆርሞንና ቃል ኪዳን

በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ክፍል የሣር ሜዳ ፕሬሪ ቮል የሚባል ትንሽ አይጥ ይኖራል። ወንዱና ሴቷ አንዴ ከተጣመሩ ጎጆ ይጋራሉ፤ ግልገሎቻቸውንም አብረው ያሳድጋሉ። የቅርብ ዘመዱ ሜዶ ቮል ግን ተገናኝቶ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሚራንዳ ሊምና ላሪ ያንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር የቫሶፕሬሲን ሆርሞንን ተቀባይ የሚሠራውን ዘረመል ከጎጆ ወዳዱ ወስደው በሜዶ ቮል ወንድ አንጎል ውስጥ ጨመሩ። እሱም ከለመዳት ሴት ጎን መቆየት ጀመረ።

እንግዲህ ታማኝነት ከተፈጥሮ የሚሰጥ ከሆነ፣ ያልተሰጠው ሰው በምን ይወቀሳል? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የስዊድን ጥናት፣ የዚሁ ዘረመል አንድ ዓይነት ሁለት ቅጂ ካላቸው ወንዶች 34 በመቶው በዓመቱ ውስጥ የትዳር ቀውስ ወይም የፍቺ ሥጋት እንደገጠማቸው ተናግረዋል፤ ከሌላቸው ደግሞ 15 በመቶው። ሆኖም ያንኑ ዘረመል ተሸክመው ያለ ቀውስ የከረሙት ይበዛሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአይጡ ነገር ነው። የግልገሎቹ ዘረመል ሲመረመር አንዳንዶቹ ከሌላ ወንድ የተወለዱ ሆነው ተገኙ። የጎጆ ተምሳሌት ያልነው እንስሳ ጎጆውን ሳይተው ከውጭ ይወልዳል! መጣመርና ታማኝነት በእሱ ዘንድ እንኳ ተለያይተዋል። ሆርሞኑ የሚያስረው ከጎጆው ጋር ነው። ከመጣመር ጋር የሚያያዘው የሌላው ሆርሞን፣ የኦክሲቶሲን፣ ጉዳይም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት የኦክሲቶሲን ተቀባዩ የጠፋባቸው ቮሎችም እንደሚጣመሩ አሳይቷል።

ወደ ሰው ቃል ኪዳን ስንመጣ፣ ሙሽሮች በደስታም በኀዘንም አብረን እንኖራለን ሲሉ ምን እያሉ ነው? ስለ ነገ ስሜታቸው ትንቢት እየተናገሩ ቢሆን ኖሮ፣ ፍቅሩ የቀዘቀዘበት ሰው ግምቱ ሳተ እንጂ ከዳ አይባልም ነበር። የተከዳችው ሚስት ግን የምታለቅሰው ስለ ግምት ስሕተት አይደለም፤ ልቅሶዋም ልክ ነው። ቃል የሚገባው ስሜት እንደሚለዋወጥ ስለሚታወቅ ነው።

ያለ ትግል የሚጸና ሰውስ? ከሚታገለው ያነሰ ምስጋና ይገባዋል የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ ማንም ሚስት ባሏ በየማለዳው ራሱን አሸንፎ እንዲወዳት አትመኝም። ተፈጥሮ ያገዘችው ሰው በእገዛው ሊደሰት ይገባል። ያላገዘችው ደግሞ ዝንባሌውን ካወቀ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይችላል፦ ልቡ ከሚያዘነብልላት የሥራ ባልደረባ ጋር ብቻውን አያመሽም፣ በስልክ የጀመረውን ወግ በጊዜ ያቋርጣል፣ ከሚስቱ ጋር መኮራረፍ ሲመጣ ሳይውል ሳያድር ይነጋገራል። ይህን ሁሉ ማድረግ እየቻለ ሳያደርግ ቀርቶ በኋላ ዘረመሉን ምስክር አድርጎ ቢጠራ፣ ምስክሩ የሚመሰክረው በራሱ ላይ ነው።